በአመድ የታጠበች መስታወት

ወለተሥላሴ መስታወቷን በአመድ አሽታ፣ በሎሚ ቅርፊት ፈትጋ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቃ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ ስትጨርስ ገና ጠዋት አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ከዚያ በሻይ ሰሃን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻትና ልጇ እስክትነቃ ጠበቀች። እስከዳር ተነስታ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ዓይኗ ሰሃኑ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ምኑ እንደሆነ አልገባትም። ሰሃኑ ላይ ሰማያዊ አበባ ተስሏል፤ አበባው ደግሞ በመስታወቷ ውስጥ አልፎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስታወት ውስጥ ሰው ራሱን ነው እንጂ ከሥር ያለውን አበባ አያይም። አነሳቻት፣ ወደ መስኮቱ ያዘቻት፣ የጎረቤቱን ማንጎ ዛፍ በእሷ ውስጥ አየች። መስታወቷ ሞታለች። የቀረው ሞላላ ብርጭቆ ነው።

«ሻግታብሽ ነበር፤ አጸዳሁልሽ» አለች ወለተሥላሴ፣ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆና። «አመዱም ተርፏል፣ የፋኖሱን ብርጭቆ ደሞ ማታ አጥበዋለሁ። አገር ቤት ስንገባ ቆሽሾ እንዳያሳፍረን።»

እስከዳር ፊዚክስ አስተማሪ ናት። ለተማሪዎቿ መቶ ጊዜ ነግራቸዋለች፤ የቤታችን መስታወት ቀለሙ ከጀርባው ነው፣ ፊቱን ብትፈትጉት የምትነኩት ብርጭቆውን ነው፤ የቴሌስኮፕ መስታወት ግን የሚቀባው ፊቱ ላይ ነው፣ በጣት እንኳ አይነካም። ለእናቷ ግን ነግራት አታውቅም። ማን ያስበዋል! የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ጣሪያ ስለሚያፈስ ክረምቱን ሙሉ ቴሌስኮፑ የተኛው እዚህ ቤት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ትላንት ማታ ለርክክብ ልታዘጋጀው ብላ የትልቁን መስታወት ብርሃን ወደ ዓይን የምታዞረውን ትንሿን መስታወት ከነማቀፊያዋ ፈታ አወጣቻት፣ መብራት ጠፋ፣ ነገ እገጥማታለሁ ብላ ተኛች። እናቷ ደግሞ ትኩሳቱ ለቀቅ ያደረጋት ትላንት ነው። ከተኛችበት ተነስታ፣ እጇ ሥራ ሲፈልግ፣ መጀመሪያ ያገኘችውን ነገር አጠበች። እንግዲህ በዚህ ማን ይጮህባታል?

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እስከዳር። ወለተሥላሴ ፊቷን እያየች ትንሽ ጠበቀች፣ ሌላ ነገር የሚመጣ መስሏት። አልመጣም። ሻይ ቀዳችላት፤ ሁለቱም የታሰሩት ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ቀርከሃ በጭቃ የተመረገ፣ ኪራዩ አርባ አምስት ብር፣ የአልጋው እግሮች ምስጥ እንዳይበላቸው ናፍጣ ባለበት ጣሳ ውስጥ የቆሙ። ዛሬ ግን ከአልጋው፣ ከጠረጴዛውና ከሻይ ዕቃው በቀር ሁሉም ነገር ታስሯል። ነገ ሊነጋጋ ሲል ከአሶሳ የሚወጣ አይሱዙ አለ፤ ሾፌሩ ዳምጠው የወሎ ልጅ ስለሆነ ለእናትየው ጋቢና፣ ለልጅየው ከጆንያው ጋር ከላይ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ዝውውሩ የመጣው በሰባተኛ ዓመቷ ነው። ሐይቅ፣ የእናቷ አገር። በዚህ ክረምት ብቻ ወባ ወለተሥላሴን ሦስት ጊዜ ጥሏታል፤ ባለ ክሊኒኩ ሰውዬ ባለፈው ኪኒኑን ሲሰጥ «እማማን ደጋ ውሰጃቸው፤ አራተኛውን አይችሉትም» ብሎ ፊት ለፊት ነግሯታል። እስከ ነሐሴ ሠላሳ ሐይቅ ደርሳ ሪፖርት ካላደረገች ደግሞ ቦታው ለተከታዩ ሰው ይሰጣል። ዛሬ ዓርብ ሃያ አምስት ነው። መንገዱ በክረምት አራት ቀን ይበላል። ከክሊራንሱ አስራ አንድ ፊርማ አስሩ አልቋል፤ የቀረው የንብረት ክፍሉ ነው፣ የአቶ ባቢከር።

ተበላሸ ብላ እንዳትናገር፣ የተበላሸ ዕቃ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ኮሚቴው ዋጋ ይገምታል። ቴሌስኮፑን ትቶት የሄደው ለስደተኞች እርዳታ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ሐኪም ነው፤ ስጦታ ስለሆነ ዋጋው የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ነው ያለው። አምና የጂኦግራፊው መምህር ሉል ጠፍቶበት እስኪገመት አንድ ዓመት ዝውውሩ ታግዷል። የሉል ዋጋ እኮ ይታወቃል።

ባቢከርን ደግሞ በወሬ አያልፏቸውም። ንብረት ክፍል የገቡት ክልሉ ሲቋቋም ነው፣ አምስት ዓመታቸው። በአማርኛ ከስማቸው ሌላ ብዙም አይጽፉም፤ ወረቀት ላይ የሰፈረውንም አያምኑም። ከሳቸው በፊት የነበረው ንብረት ያዥ ወረቀቱ ላይ ሙሉ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጎዶሎ ሆኖ ተገኝቶ በደሞዙም በሥራውም ተቀጥቷል። ስለዚህ ባቢከር ሁሉን በራሳቸው መንገድ ነው የሚረከቡት። ደወል ከሆነ ይደውሉታል። ሚዛን ከሆነ ጭነው ያዩታል። አምፖል ከሆነ ባትሪ ላይ ያበሩታል። ቴሌስኮፕ ከሆነ በረንዳው ላይ ያስተክሉትና ማዶ ያለውን መስጊድ፣ ሚናራው ጫፍ ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ጨረቃ ያያሉ። ተገልብጣ ነው የምትታየው፤ ያንን ለምደውታል። ጨረቃዋ ከታየች ይፈርማሉ።

እስከዳር የሻይዋን ግማሽ ትታ ተነሳች። ቦርሳዋ ውስጥ ማስመሪያ፣ እርሳስና መፍቻ ከታ፣ መስታወቷ በእጥበቱ ለቅቃ የወጣችበትን ሰያፍ የተቆረጠ እንጨት በሶፍት ጠቅልላ ያዘች። «የት ነው በጠዋት?» አለች እናቷ። «ገበያ። ትንሽ ነገር ቀርቶኛል።» ወለተሥላሴ ሰሃኑን አየች፣ እሷን አየች።

ኻሚስ ገበያው ጥግ ላይ መስኮት የሚገጥም፣ ፎቶ ፍሬም የሚሠራ ሰው ነው። ሱቁ የቆርቆሮ ናት፤ ሌሊት የዘነበው ከጣሪያዋ ጫፍ ገና ይንጠባጠባል። እስከዳር ያለውን መስታወት ሁሉ አስወረደችው። እያንዳንዱ ላይ የእርሳሱን ጫፍ ታሳርፋለች፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው እርሳስ ከውጪው ጋር አይገናኝም፣ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ የብርጭቆው ውፍረት ነው፣ ቀለሙ ከጀርባ ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያለው ብርሃኑን ሁለት ጊዜ ይመልሳል፤ አንዴ ከፊቱ ትንሽ፣ አንዴ ከጀርባው ብዙ። ይህን ታውቃለች። ብቻ ወፍራሙን ትታ ወደ ስስ፣ ከስሱም ወደ ባሰው ስስ እየሄደች ነበር። ደሞ መንገዱ ዳር ያለውን ምሰሶ በመስታወቱ እያየች ቀስ ብላ ታዘነብለዋለች፤ ምሰሶው ከተጣመመ መስታወቱ ጠማማ ነው፣ ይመለሳል። ኻሚስ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሲያያት ቆየ።

«ያ ኡስታዛ፣ ይሄ ፀጉር አስተካካይ ይወስዳል፣ ሙሽራ ይወስዳል። ማንም እርሳስ አልወጋውም። ፊት ማየት አይደለም?»

«ፊት አይደለም የምናይበት።»

«ታዲያ ምንድነው የሚያይ?»

«ጨረቃ።»

«ጨረቃ ለማየት መስታወት!» ሳቀ ኻሚስ። «እኛ ጋ ቀና ይላል፣ ያያል፣ ኸላስ።»

የሞተር ሳይክል መስታወትም አመጣላት፣ ሆዱ የወጣ ነው፣ አይሆንም። ከጎን ካለችው ከዐዋጢፍ ሱቅ፣ ከሱዳን ከሚመጣው ሽቶና ሳሙና መሃል፣ የፊት ዱቄት ያለበት መስታወታም ክዳን አየች። ስስ ነው፤ የእርሳሱ ክፍተት እንደ ፀጉር ነው የቀረው። «ኡስታዛ ዛሬ ልትቀባ ነው? ማሻአላህ! ማን ነው ሰውዬው?» አለች ዐዋጢፍ፣ ለገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። ሰባት ብር፣ ከነዱቄቱ፣ መስታወቱን ብቻ አልሸጥም አለች። እስከዳር ወደ ምሰሶው አዙራ አየችበት፤ ምሰሶው እንደ እባብ ተጥመለመለ። መለሰችላት። እያንዳንዱን ስትመልስ ትከሻዋ ትንሽ ትንሽ የሚወርድ ይመስላታል። መጨረሻ ላይ ኻሚስ ከድሮ የግድግዳ ፍሬም የወጣ፣ ዳሩ የተበላ፣ ስስ ሆኖ ቀጥ ያለ አንድ ቁራጭ ከሥር ጎትቶ አወጣ። በአራት ብር በልኩ ቆርጦ፣ ዳሩን በድንጋይ እያሸ ሞላላ አደረገላት፤ ትንሽ ከፍ ብትል የትልቁን መስታወት ብርሃን ትጋርዳለች፣ ትንሽ ብታንስ ዳር ዳሩ ይቆረጣል ብላ ሦስት ጊዜ አስለካችው። በወረቀት ጠቅልላ ያዘች። ትሆናለች ወይስ አትሆንም፣ አታውቅም። ማለትም ታውቃለች፣ ግን ባቢከር እንዳያውቁ ተስፋ አድርጋለች።

ከገበያው ስትወጣ ነው የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ትዝ ያላት። ክሊራንሷን ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ስታንከራትት፣ አንደኛው ኮሪደር ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ትልቅ ማሽን አይታ ነበር። ተበላሽቶ ሁለት ዓመት የቆመ ነው፤ ጠርሙስና የጃንጥላ ማስቀመጫ ሆኗል። የፎቶ ኮፒ መስታወት ደግሞ ፊቱ ላይ የተቀባ ነው። እንዴት እስካሁን አላሰበችውም! ጭቃው ጫማዋን እየጎተተው ሮጠች ማለት ይቻላል። የዚያ ቢሮ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ደባልቄ የደሴ ሰው ነው፣ ያገሯ ልጅ፤ ሲያያት ደስ አለው፣ ማሽኑንም ራሱ ከፈተላት፣ መብራት ይዞም አሳያት። ከላይኛው ብርጭቆ ሥር እንደ ማስመሪያ ረጅምና ጠባብ መስታወት ተኝቷል። እስከዳር አጎንብሳ የእርሳሷን ጫፍ አስጠጋች። ሁለቱ እርሳሶች፣ የውስጡና የውጪው፣ ጫፍ ለጫፍ ተሳሳሙ። ክፍተት የለም።

«ደባልቄ፣ ይቺን ብቻ ስጠኝ። ይሄ እኮ ተበላሽቷል።»

«ተበላሽቷል እንጂ አልተወገደም።»

«መቼ ነው የሚወገደው?»

«የሚያስወግድ ኮሚቴ ሲቋቋም ነዋ።»

«እሱስ መቼ ይቋቋማል?»

«እሱን የሚወስን ሌላ ኮሚቴ አለ» አለና ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ሳቁን ሲጨርስ ፊቷን አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እስኩ፣ እኔም ፈርሜ የተረከብኩት ነው። ከርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ አጽፊ፣ ማክሰኞ ኃላፊው ይገባል፣ ይመራልሻል፣ ወዲያው ፈትቼ እሰጥሻለሁ። ማክሰኞ።»

ማክሰኞ ሃያ ዘጠኝ ነው። ደባልቄ ስልክ ሊያነሳ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ነው። ሁለት ብሎን ናት። ቦርሳዋ ውስጥ መፍቻ አለ። እስከዳር ቆማ ብሎኖቹን አየቻቸው፤ ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ ላስቲኩንም መለሰችለት፣ ጠርሙሶቹንም እንደነበሩ ደረደረችላቸው። ለምን ጠርሙሶቹን እንደደረደረች ራሷም አላወቀችም። ደክሟት ነው መሰለኝ።

ቴሌስኮፑን ከቤት ያመጣላት ጋሪ ነው፣ ሁለት ብር። ላቦራቶሪው በረንዳ ላይ ተቀምጣ የኻሚስን ቁራጭ በማስቲሽ ሰያፉ እንጨት ላይ አጣበቀች፣ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፣ ገጠመች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች። ራሷ ልታይበት ፈለገችና ተወችው። ስምንት ሰዓት ላይ ባቢከር ከጁምዓ ሶላት ተመለሱ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን በአንድ እጅ ሰብስበው።

«ኡስታዛ፣ ነገ ይሄዳል?»

«ነገ እንሄዳለን፣ አቶ ባቢከር።»

«እማማ ትኩሳት ተወው?»

«ትላንት ለቀቅ አድርጓታል።»

«አልሐምዱሊላህ። ሐይቅ ብርድ ነው፤ ወባ ብርድ አይወድም። ጥሩ ነው።» ወንበር ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ማግኔቶቹን፣ ቀጥሎ ሦስቱን ቴርሞ ሜትሮች በብብታቸው እየያዙ አንድ በአንድ ተረከቡ። አይቸኩሉም። እሷ ከጎናቸው ቆማ የሚናራውን ጫፍ ታያለች፤ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጥቷል፣ የቆርቆሮዋ ጨረቃ ትብለጨለጫለች። ደመናው ቢመለስ ምን አለበት! አልተመለሰም።

ባቢከር ጎንበስ አሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ እንደሁልጊዜው። ከዚያ ከሁልጊዜው በላይ ቆዩ። ቀና ብለው ዓይናቸውን በጀለቢያቸው እጅጌ ጠረጉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ኡስታዛ።»

«አቤት።»

«ሒላል ሁለት ሆነ።»

«ከፀሐዩ ነው» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷን አሳፈራት።

«ከፀሐይ ነው፣ እሺ።» ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁላት። አየች። የተገለበጠችው ጨረቃ አለች፤ ከጎኗ ደግሞ ገርጣ ያለች ሌላ ጨረቃ፣ ትንሽ ፈንጠር ብላ፣ ጥላዋ ሆና የምትከተላት መስላ። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ባቢከር ግን ክሊራንሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ይፈልጉ ነበር።

«ሁለት ከሆነ ጎደለ አይባልም» አሉ፣ በቀሩት ጥርሶቻቸው እየሳቁ። «ትርፍ ነው። እማማ ይሄዳል፣ አንቺ ይሄዳል። እኔ ምን አገባኝ።»

አውቀዋል። ምኑን እንዳወቁ ባታውቅም አውቀዋል። እስክሪብቶውን አገኙና ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ፤ ሲጽፉ ፊደሉን እንደሚቀርጹት ነው፣ ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ብቅ ይላል። ባ። እስከዳር የዚያን የድሮውን ንብረት ያዥ አሰበች። በቀጣዩ ቆጠራ ይህ ዕቃ የሳቸው ነው። ደሞ ረመዳን ሲቃረብ ከመንደራቸው ሽማግሌዎችን አምጥተው ጨረቃዋን በዚህ ሊያሳዩ አምና ቃል ገብተዋል፤ በዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሁለት ጨረቃ አይተው ባቢከርን ቀና ብለው ሲያዩ ታያት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ እናቷ ጋቢና ውስጥ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ ደጋው ብርድ ሲመታት ታያት። ቢ። የበረንዳው ቆርቆሮ ላይ ቁራ አንኳኳ። እጇን ዘርግታ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይተዉት፣ አቶ ባቢከር።»

«ለምን?»

«አይሠራም። የገበያ መስታወት ነው የገጠምኩት። የድሮዋን እናቴ በአመድ አጠበቻት፣ ቅቡ ተነሳ።»

ባቢከር አፍጥጠው አዩዋት። «በአመድ?»

«በአመድና በሎሚ።»

ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የመጣው፣ እንባቸውን እስኪጠርጉ። «ወላሂ እኔ ሚስትም እንደዚያ ነው የሚያጥብ! የፋኖስ ብርጭቆ በአመድ፣ ብርጭቆ ሁሉ በአመድ!» ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ሄደ። ሁለቱም ሚናራውን አዩ። «ታዲያ መኪናስ?»

«መኪናው ይሄዳል።»

ከዚያ ደባልቄ ያለውን፣ ማሽኑን፣ ደብዳቤውን፣ ማክሰኞን ነገረቻቸው። ባቢከር እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱ። «ማክሰኞ እኔ አብሬ ይሄዳል። እኔ ቢሮ ቁጭ ካለ አይነሳም፤ ያ ሰውዬ ያውቀኛል።» ወረቀቱን ግን አልወሰደችውም፤ ባ እና ቢ እንደተጻፈበት ዕቃ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት፣ ከላዩ ሚዛኑን ጭነው።

ቤት ስትደርስ አመሻሹ አስራ አንድ ሰዓት ነበር። የከተማው ጀነሬተር ገና አልተነሳም፣ ክፍሉ ደብዝዟል። ወለተሥላሴ ጫማዋን አድርጋ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ትልቁ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ መኪናው ነገ ሳይሆን አሁን የሚመጣ ይመስል። ሰሃኑ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ነው። ብርጭቋዋን፣ ቅቧ ከየት በኩል እንደለቀቀ ስታገላብጣት ሳትውል አልቀረችም፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቋጥራ፣ ከአጠገቡ አስቀምጣታለች።

«ዳምጠው መጥቶ ነበር» አለች። «ጋቢናውን አስጠርጌዋለሁ አለ።»

«አንቺ ሂጂ፣ እማዬ። አክስቴ ጋ ያደርስሻል። እኔ እከተላለሁ።»

«ፊርማውስ?»

«ቀረ።»

ውጪ በሬ የሚነዳ ሰው እያፏጨ አለፈ፤ ጎረቤት አንድ ማንጎ ከዛፉ ወድቆ ጣሪያ መታ። እስከዳር ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች፤ እግሯ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እናቷ ቆየት ብላ ከጆንያው ላይ ወረደች። የጆንያውን ቋጠሮ በጣቷ ሞከረችው፣ እምቢ አላት፣ በጥርሷ ያዘችው። እስከዳር «ተይው፣ ነገ የሚሄድ ዕቃ ነው» ልትላት ፈልጋ አፏ አልታዘዛትም። ገመዱ ተፈታ። ወለተሥላሴ መጀመሪያ ድስቷን አወጣች። ከዚያ ሁለት ብርድ ልብስ። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፋኖስ፤ ብርጭቆውን ነቅላ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው፣ ውስጡ በጥላሸት ጠቁሯል። ከምድጃው ዳር አንድ ጭብጥ አመድ አነሳች።

እጇ አየር ላይ ቀረ። አመዱ በጣቶቿ መሃል እየወረደ ነው።

«ይሄኛውስ» አለች፣ ልጇን ሳታይ፣ «ከየት በኩል ነው የተቀባው?»

እስከዳር አልጋው ላይ ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ አፏ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ መጣና ሄደ።

«እሱ አልተቀባም፣ እማዬ» አለች። «እጠቢው።»